የነርሲስ ናልባንዲያን ጆሮ

ብሔራዊ ቴአትር ገብቼ፣ መጋረጃው ሳይከፈት ሙዚቀኞቹ መሣሪያቸውን ሲያሟሹ በሰማሁ ቁጥር ነርሲስ ናልባንዲያን ትዝ ይሉኛል። አጎታቸው ኬቮርክ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡትን የ«አርባ ልጆች» ባንድ የመሩ አርመናዊ ናቸው። ነርሲስም ተከትለው መጡ፤ የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ መሩ፣ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በዚሁ ቴአትር ኦርኬስትራውን አሠለጠኑ፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም አስተማሩ።

እኔን የሚደንቀኝ ግን ሹመታቸው ሳይሆን የጆሯቸው ትዕግሥት ነው። ቅኝቶቻችን ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። የፈረንጅ ኅብረ ድምፅ እንደወረደ ሲጫንባቸው ያልተጠሩ ድምፆች ሰርገው ይገቡና ከቅኝቶቹ አንዷ አንቺ ሆዬ መልኳ ይጠፋል። እሳቸው ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ባዕድ ሆነው መጥተው ቅኝቱን እንደ ቋንቋ ተማሩት፤ ከዚያ ለሳክስፎኑም ለትራምፔቱም የየድርሻውን በኖታ ጻፉለት፤ ዜማው ግን ዜማችን ሆኖ ቀረ። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ የአስተማሪ ክብር የለም።

እ.ኤ.አ. በ1977 እዚሁ አዲስ አበባ አረፉ። የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራ ቅንብሮቻቸውን ከወረቀት አንሥቶ ሲጫወታቸው ዓይኔን ጨፍኜ አደምጣለሁ፤ ነሐሱ ቀስ ብሎ ከፍ ይላል፣ ከሥሩም ትዝታ ትሰማኛለች።