ደወሉ የሚለካው የትኛውን ቮልቴጅ ነው?

በሪሞት ለሚበር ሞዴል አውሮፕላን የባትሪ ማስጠንቀቂያ ልሥራ ብሎ የተነሳ ጀማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ ደወሉ በስንት ቮልት ይጩህ የሚለውን ነው። ብዙዎች በሴል 3.5 ብለው ይገላግሉታል። እኔ ግን ከቁጥሩ በፊት መወሰን ያለበት ሌላ ነገር አለ ባይ ነኝ። የሚለካው ሞተሩ እየሳበ ሳለ ያለው ቮልቴጅ ነው ወይስ ሞተሩ ቢያርፍ ይኖር የነበረው? አቋሜ የጸና ነው፤ ደወሉ መለካት ያለበት በጭነት ላይ ያለውን፣ የእያንዳንዱን ሴል ለየብቻ፣ ምንም ሳያስተካክል ነው።

ተቃራኒው መንገድ ጠንካራ ጠበቃ አለው። በዙሪክ የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪ የነበረው ሎረንዝ ማየር እ.ኤ.አ. በ2008 ከጀመረው የፒክስሆክ ፕሮጀክት ፒኤክስ4 የተባለው የበረራ ሶፍትዌር ተወልዷል። ይህ ሶፍትዌር የሚሳበውን አምፔር በባትሪው ውስጣዊ ሬዚስታንስ አባዝቶ በተለካው ቮልቴጅ ላይ ሊደምር ይችላል፤ በጭነት የጠፋውን ይመልሳል ማለት ነው። ከዚያ የቀረውን ቻርጅ በመቶኛ ገምቶ፣ ካልተቀየረ በቀር፣ 15 ሲደርስ ያስጠነቅቃል፣ 7 ላይ አሳሳቢ ይለዋል፣ 5 ላይ አስቸኳይ። በራሱ ለሚበር፣ የመመለሻ መንገዱን ለሚያሰላ አውሮፕላን ይህ ትክክል ነው፤ ጥያቄው ምን ያህል ቻርጅ ቀረኝ ነውና። መሬት ላይ ቆሞ በእጁ የሚያበር ሰው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ አሁን ሙሉ ጉልበት ብጠይቅ ባትሪው ይሰጠኛል? አንድ ያረጀ ሴል እንውሰድ። ሲያርፍ 3.75 ቮልት ያሳያል፣ ውስጣዊ ሬዚስታንሱ 20 ሚሊኦም ነው፣ ሞተሩ 25 አምፔር ይስባል። ግማሽ ቮልት እዚያው ይቀራል፤ በጭነት ላይ ያለው 3.25 ነው። የሚያስተካክለው መሣሪያ አንድ ሦስተኛ ገደማ ቻርጅ አለህ ብሎ ያረጋጋል፣ ተራው ደወል ይጮሃል። አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲንደረደር ሰው ሜዳው መሃል ቢገባ፣ እንደገና ለመነሳት የሚያስፈልገውን ጉልበት በተመለከተ እውነቱን የተናገረው ደወሉ ነው። ብርድ ሲመጣ ልዩነቱ ይሰፋል። በክረምት ጄኔቫ ላይ ቢዝ የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ሲነፍስ የሊቲየም ሴል ውስጣዊ ሬዚስታንስ ክፉኛ ይጨምራል፤ በበጋ የተሞላ የሰዓት ቆጣሪ ይህን አያውቅም፣ በበጋ የተለካ የማስተካከያ ቁጥርም እንዲሁ።

የእያንዳንዱ ሴል ጉዳይ ለእኔ ክርክር አያሻውም። አንድ ቲኤል431 የተባለ የቮልቴጅ ማመሳከሪያ ቺፕ፣ አንድ 32 ኪሎኦም እና አንድ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር ይዞ ባለ ሦስት ሴል ባትሪ 10.5 ቮልት ላይ ሲወርድ የሚጮህ ደወል መሥራት ይቻላል፤ ቀላልና ርካሽ ነው። ነገር ግን 3.7፣ 3.7 እና 3.1 ሲደመሩም 10.5 ናቸው። ሴሎቹ በተከታታይ ስለተያያዙ ብርቱዎቹ ደካማውን እየገፉ ባዶ ያደርጉታል። ከመጠን በላይ የወረደ ሴል ውስጥ የአሉታዊው ጫፍ መዳብ ይሟሟል፤ ተመልሶ ቻርጅ ሲደረግም መዳቡ በማይገባው ቦታ ተጋግሮ የውስጥ ሾርት ሊፈጥር ይችላል። ስለ አደገኛ ዕቃዎች ማጓጓዣ ጄኔቫ ላይ የሚሰበሰቡት የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች የሚያዘጋጁት የፈተና መመሪያ፣ በክፍል 38.3 ለሊቲየም ባትሪ ስምንት ፈተናዎች ይደነግጋል። ስምንተኛው ሴልን ከ12 ቮልት ምንጭ ጋር በተከታታይ አያይዞ በግድ ማራገፍ ነው፤ ሴሉ በፈተናው ጊዜም ሆነ በቀጣዮቹ ሰባት ቀናት እሳት እንዳያስነሳ ይጠበቃል። ጎረቤት ሴል የሚያደርሰው ግፊት ይህን ያህል ከተፈራ፣ ድምሩን ብቻ የሚያይ ደወል ዕውር ነው። ስለዚህ ከየሴሉ በሚወጣው የባላንስ ገመድ በኩል ሦስቱንም መለካት ያስፈልጋል። ኤቲታይኒ85 በተባለው ማይክሮኮንትሮለር ለሚሠራ ሰው ግን አንድ ማሳሰቢያ አለ፤ የውስጥ ማመሳከሪያው 1.1 ቮልት ይባል እንጂ ከቺፕ ቺፕ ከ1.0 እስከ 1.2 ሊለያይ ይችላል። 3.5 ብለህ የጻፍከው 3.2 ወይም 3.8 ሆኖ ሊገኝ ይችላልና እያንዳንዱን በመልቲሜትር ማስተካከል ግድ ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ፣ በጭነት ላይ የሚለካ ደወል በየመነሻው እየጮኸ ጆሮ ያሰለቻል፣ የተሰለቸ ደወልም አይሰማም የሚለው ነው። እውነት አለው። መፍትሔው ግን ቁጥሩን ማውረድ አይደለም፤ ማዘግየት ነው። 100 ኪሎኦም ከ10 ማይክሮፋራድ ጋር አንድ ሰከንድ ገደማ ያዘገያል፣ ይበቃል። ከዚያ በኋላ አንዴ የጮኸ ደወል ባትሪው እስኪነቀል ዝም እንዳይል አድርጌ ነው የምሠራው። ብዙዎች ቮልቴጁ ሲመለስ ደወሉም እንዲያቆም ይፈልጋሉ። ጉልበት ሲቀነስ ቮልቴጅ ሁልጊዜ ይመለሳል፤ አብራሪውን የሚያዘናጋውም ይኸው መመለስ ነው። ድምፁም ራሱ ይደክማል፤ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ወስዳ በሥራ ላይ ያዋለችው ደንብ ያለ ልዩ ፈቃድ እስከ 120 ሜትር ከፍታ ይፈቅዳል፤ በአንድ ሜትር 100 ዴሲቤል የነበረው እዚያ ላይ 58 ገደማ ነው። ከፕሮፔለሩ ድምፅ እንዲለይ ቆረጥ ቆረጥ እያለ መጮህ አለበት።

አዲስ አበባ ላይ ለሚያበር ደግሞ ይህ አሠራር ይበልጥ ይጠቅማል። ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ያው አውሮፕላን እንዳይወድቅ በ12 በመቶ ገደማ ፈጥኖ መብረር አለበት፣ ሞተሩም የበለጠ ይስባል። በጭነት ላይ የሚለካ ደወል ማንም ሳይነግረው ቀድሞ ይጮሃል። ይህን ትንሽ ሰሌዳ የምወደው ስለዚህ ነው፤ የሚያምነው የፊቱን ብቻ ነው። ቁጥሩን ለመምረጥ ባትሪውን ሲያርፍ 3.8 እስኪያሳይ ማራገፍ፣ አውሮፕላኑን መሬት ላይ አጥብቆ አስሮ ሞተሩን ለአምስት ሰከንድ በሙሉ ጉልበት ማስኬድ፣ ከሴሎቹ ዝቅተኛውን ማንበብ ነው። ቆሞ የሚሽከረከር ፕሮፔለር ብዙ ጊዜ በአየር ላይ ካለው የበለጠ ስለሚስብ ስህተቱ ወደ ደኅናው ያደላል። የተነበበው 3.5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደወሉ 3.5 ላይ ይስተካከል፤ ከ3.3 በታች ከወረደ ግን ደወሉን አትንኩ፣ ባትሪውን ቀይሩ።