ከመርፌው በፊት ምላጩ

መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ውሻ ታሞ ለራሱ ተብሎ ወደ እንስሳት ክሊኒክ የሚመጣበት ቀን ጥቂት ነው። የሚመጣው በጎቹን ተከትሎ ነው። ባለቤቱ በጉን ሲያስመረምር ውሻው በር ላይ ተጋድሞ ጎኑን ይቧጥጣል፤ የጆሮው ጠርዝ ተልጧል፣ ክርኑ ተመልጧል። «ዶክተር፣ እሱስ እከክ ነው፤ እግረ መንገድዎን አንድ መርፌ ቢወጉልኝ» ይሉኛል። ለበጉ ከተቀዳው ተርፏልና ለውሻው አይጠፋም ብለው ነው። እኔ ግን መርፌውን አስቀምጬ ምላጭ አነሳለሁ።

የታመመ ቆዳ የሚያሳየው ምልክት ውስን ነው፤ ይቀላል፣ ይላጣል፣ ፀጉሩ ይረግፋል፣ ያሳክካል። ቁንጫም፣ የእከክ ተባይም፣ ጭርትም በእነዚሁ ምልክቶች ይመጣሉ። ስለዚህ በዓይን ብቻ አይቶ ስም ማውጣት ግምት ነው። መጀመሪያ እጠይቃለሁ። የቱ ቀደመ፣ ማሳከኩ ወይስ የፀጉሩ መርገፍ? ቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው አለ? ሰውስ? ውሻው የት ያድራል? ከ3,000 ሜትር በላይ ባለ ብርዳም አገር ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ይነግራል። ሌሊት ውሻውም፣ ድመቷም፣ ልጁም ወደ ምድጃው ይጠጋሉ፤ ድመቷማ ባናው ላይ ነው የምትተኛው።

ከዚያ መፋቅ ነው። ምላጩን አደነዝዝና ዘይት እቀባዋለሁ። ሳርኮፕተስ የተባለው የእከክ ተባይ በላይኛው የቆዳ ንብርብር ውስጥ ቦይ እየቆፈረ ስለሚኖር ሰፋ አድርጎ፣ ከብዙ ቦታ፣ በተለይ ከጆሮ ጠርዝና ከክርን መፋቅ ይፈልጋል። ዴሞዴክስ ግን መኖሪያው የፀጉር ሥር ነው፤ ቆዳውን በሁለት ጣት ጨምቆ፣ ደም እስኪያዥ ድረስ ካልተፋቀ አይገኝም። ባለቤቱ ደም ሲያይ ይደነግጣል፤ አስቀድሜ ካልነገርኩት ውሻውን ይዞ ይሄዳል።

አስቸጋሪው ሳርኮፕተስ ነው። እያለም ማይክሮስኮፕ ሥር ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ስላይዱ ባዶ ሆነ ማለት ውሻው ነጻ ነው ማለት አይደለም። ያኔ የጆሮውን ጠርዝ በጣቶቼ መሐል አሻለሁ። ውሻው ወዲያው የኋላ እግሩን አንስቶ አየር መቧጠጥ ከጀመረ፣ ተባዩን ባላየውም እከክ ነው ብዬ አክማለሁ። ይህችን ምልክት በጣም እወዳታለሁ፤ መብራት በጠፋበት ቀንም ትሠራለች። ለቁንጫም እንዲሁ ቀላል ዘዴ አለ። ፀጉሩን እርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ ማበጠር ነው፤ የወደቀው ጥቁር ፍርፋሪ ቀይ ቀለም ካወጣ ቁንጫው መጥጦ ያስወጣው ደም ነው። እንቁላሉና እጩ ያሉት ግን ወለሉ ላይ ነውና ቤቱ ካልተጠረገ፣ መኝታው ፀሐይ ካልመታው ውሻውን ብቻ ማከም ድካም ነው።

ይህን ያህል የምለፋው ያለ ምርመራ የሚወጋው መርፌ ሲገድል ስለማይ ነው። ዴሞዴክስ ጤነኛ ውሻ ላይም በጥቂቱ ይኖራል፤ ቡችላ ላይ ትንሽ ቦታ ቢመለጥ ብዙ ጊዜ በራሱ ይድናል። ማሳከኩ ይብረድለት ተብሎ ዴክሳሜታዞን ከተወጋ ግን የሰውነት መከላከያው ይዳከምና ተባዩ መላ አካሉን ይወርሰዋል። ለከብትና ለበግ የሚሸጠው የተባይ መድኃኒት፣ 1 በመቶ አይቨርሜክቲን፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይይዛል። ሁለት ኪሎ ለሚመዝን ቡችላ የሚበቃው 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በበግ መርፌ «ትንሽ» ተብሎ የሚቀዳው ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ቡችላው ይንገዳገዳል፣ ዓይኑ ማየት ያቆማል፣ ይሞታል። ለበግ የሚረጨው ዳያዚኖን ደግሞ ራሷን ስትልስ ለምትውል ድመት መርዝ ነው። የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባትም መድኃኒት አይደለም።

ድመት ስትመጣ ልጆቹንም አብሬ አያለሁ። ጭርት ያመጣችው ድመት ራሷ ምንም ላይታይባት ይችላል፤ የልጁ ራስ ላይ ያለው ቆረቆር ግን ይመሰክርባታል። ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፣ ድመቷ እኔ ጋ ትቀራለች። በሰው እከክ ግን ውሻ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በአማራ ክልል የሰው እከክ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ይዞ ነበር፤ ያ ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው ነው። የውሻው ተባይ ሰውን ለጊዜው ያሳክከዋል እንጂ ሰው ላይ ስለማይራባ፣ ውሻው ሲታከም የባለቤቱም ይጠፋል።

ከሰው ይልቅ የሚያሳስበኝ የውሻው እከክ ወደ ጓሳ የሣር ምድር እንዳይዘልቅ ነው። የመንዝ እረኛና ውሻው ቀይ ቀበሮ ወደሚኖርበት ሣር ይዘልቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ የገባው ይኸው እከክ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከከተማዋ ቀበሮዎች ከ95 በመቶ በላዩን ጨርሷል። እነዚያ በሌላ ቦታ ብዙ ወገን አላቸው፤ የእኛው ቀይ ቀበሮ ግን በዓለም ላይ ከ500 አይበልጥም። ስለዚህ ውሾች ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሚሰበሰቡበት ቀን፣ ክትባቱን የሚወጋው ባለሙያ የእያንዳንዱን ውሻ ጆሮ ጠርዝ እንዲያሽ፣ እግሩን የሚያነሳውንም ከቤቱ ሌሎች ውሾች ጋር ለብቻ እንዲመዘግብ እፈልጋለሁ። ለአንድ ውሻ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይወስድም።