ስድስት ወታደር የሚጭን ምፀት

ስለ አንድ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ አሠራር የሚተርክ ፊልም ሰው ያስቃል ብሎ የሚጠብቅ ጥቂት ነው። «ዘ ፔንታጎን ዎርስ» ግን ያስቃል፤ ያውም ቅጥ ባለው ሳቅ። ሪቻርድ ቤንጃሚን በ1998 እ.ኤ.አ. ለኤችቢኦ ያዘጋጀው ይህ የቴሌቪዥን ፊልም መነሻው ጀምስ በርተን የተባሉ የአሜሪካ አየር ኃይል ኮሎኔል ከአምስት ዓመት ቀደም ብለው ያሳተሙት መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ የአንድ መኮንን ክርክር ሲሆን ፊልሙ ክርክሩን ወደ ስላቅ ቀይሮታል። ጉዳዩ ብራድሊ የተባለው የእግረኛ ጦር ተዋጊ ተሽከርካሪ ነው። በፊልሙ አገላለጽ 17 ዓመት የፈጀ፣ 14 ቢሊዮን ዶላር የበላ፣ ሊመረት ጫፍ ላይ የደረሰ፣ ግን በእውነተኛ ጥይት ተመትቶ ያልተፈተነ መሣሪያ።

ሥራው ሩብ ክፍለ ዘመን ቢያልፈውም ጉዳዩ አላረጀም። ጀርመኖች ዘመናዊ ብለው የሠሩት ፑማ በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ለልምምድ ከወጡት 18 ተሽከርካሪዎች አንዱም ሳይቀር ተበላሽቶባቸዋል። የእንግሊዞቹ ኤጃክስ ደግሞ ገና በሙከራ ላይ እያለ በጩኸቱና በንዝረቱ የተሳፋሪ ወታደሮችን ጆሮ ስለጎዳ ሙከራው እንዲቆም ተደርጎ ነበር። ስለዚህ ፊልሙን የ1980ዎቹ አሜሪካ ወግ አድርጎ ማየት አያስኬድም።

የፊልሙ አወቃቀር በምክር ቤት ምርመራ የታቀፈ ነው። ጄኔራል ፓርትሪጅ (ኬልሲ ግራመር) በኮሚቴዋ ሰብሳቢ (ኦሊምፒያ ዱካኪስ) ፊት ቀርበው ገንዘቡ የት እንደገባ ያስረዳሉ። በመካከሉ ታሪኩ ወደ ሌተና ኮሎኔል በርተን (ኬሪ ኤልዌስ) ይሻገራል፤ ሙከራውን እንዲከታተል ከውጭ የተላከ፣ በየቢሮው የማይፈለግ ሰው ነው። ይህ የምርመራ ማዕቀፍ ሁለት ጥቅም ይሰጣል። አንደኛ፣ ለቴክኒኩ ባዕድ የሆነው ተመልካች ከሰብሳቢዋ ጋር ሆኖ እንዲጠይቅ ያስችለዋል። ሁለተኛ፣ ጄኔራሉ በቃል የሚሉትና ካሜራው የሚያሳየው ሲጣረሱ ምፀቱ ያለ ሐተታ ራሱን ይፈጥራል። ግራመር ይህን ክፍተት የሚሞላበት መንገድ የፊልሙ ትልቁ የትወና ሀብት ነው፤ አንዲትም ጊዜ «እየቀለድኩ ነው» የሚል ፊት አያሳይም። ድምፁ ይሞላል፣ አገጩ ቀና ይላል፣ ውሸቱ እንደ ወታደራዊ ሰላምታ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

የሥራው ልብ ግን የዲዛይኑ አወላለድ የሚተረክበት የምልሰት ክፍል ነው፤ ዘለግ አድርጌ የማየውም እሱን ነው። ኮሎኔል ስሚዝ (ሪቻርድ ሺፍ) ወታደር ከቦታ ወደ ቦታ የሚያጓጉዝ ቀላል ተሽከርካሪ ንድፍ ይዞ ይገባል። አንዱ ጄኔራል መድፍ ይጨመርበት ይላል። መድፍ ሲጨመር ጥይት ማስቀመጫ ያስፈልጋል፤ ጥይቱ ሲገባ ወታደሩ ይቀንሳል። ሌላው ከጎኑ መተኮሻ ቀዳዳ ይኑረው ይላል። ቀጣዩ ለቅኝት ይዋል ይላል። ከዚያ ታንክ የሚመታ ሚሳይል ይመጣል። ትዕይንቱ ተመሳሳይ ጠረጴዛ፣ ተመሳሳይ ወንበር፣ ተመሳሳይ «ይቻላል ጌታዬ» እየደጋገመ ይሄዳል። ድግግሞሹ ራሱ የአሳሳቅ ሥልት ነው፤ ተመልካቹ ቀጣዩን ጥያቄ ከጄኔራሉ ቀድሞ ይገምታል። ሺፍ በዚህ ሁሉ መሀል ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ትከሻው ብቻ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል።

ይህን ክፍል ከተራ ቀልድ ከፍ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፦ ጠረጴዛው ዙሪያ ሞኝ የለም። እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው ሲታይ ልክ ነው። ሠራዊት መድፍ ያለው ተሽከርካሪ ቢፈልግ ምን ነውር አለው? ታንክ ከመጣበት መመለሻ ቢኖረው ማን ይጠላል? የሚያስቀው ድምሩ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የወታደር ማጓጓዣ ኤም 113 ከነአሽከርካሪዎቹ 13 ሰው ይይዝ ነበር፤ ብራድሊ በውጊያ ጀርባው ላይ የሚያሳፍረው ስድስት እግረኛ ነው። ደራሲዎቹ ጄሚ ማላኖውስኪና ማርቲን በርክ በደቂቃዎች ውስጥ አንድ ተቋም ያለ ክፉ ሰው እንዴት ክፉ ነገር እንደሚወልድ አሳይተዋል። ስለ ቢሮክራሲ በድራማ መልክ ከተሠሩት ውስጥ ይህን የሚስተካከል ትንታኔ ብዙ አላውቅም።

ይህን ሳይ ሐሳቤ ወደ አገር ቤት መሄዱ አልቀረም። የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) በ2002 ዓ.ም. በ10 ቢሊዮን ብር ካፒታል ሲቋቋም የመከላከያ ኢንዱስትሪዎችን በአንድ ጥላ ሥር ማሰባሰቡ ጤናማ ሐሳብ ነበር። አውቶቡስ ይገጣጥም፤ ጥሩ። ስኳር ፋብሪካ ይገንባ፤ እሱም ለአገር ነው። የያዩ ማዳበሪያ፣ ከዚያም የህዳሴው ግድብ ሥራ ተደረበ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የግድቡ ሥራ ከእጁ ሲወጣ፣ ድምሩ ለምን እንዳልያዘ ለማስረዳት ሰው ሁሉ ከሙስና ጀመረ። የኮሎኔል ስሚዝን ጠረጴዛ ያየ ተመልካች ግን ጥያቄውን ከዚያ በፊት ይጀምራል፦ «ይቻላል» የሚለው ቃል በየስብሰባው ስንት ጊዜ ተባለ? ሠሪው አቅሙን አስልቶ «ይህን አልችልም» ቢል ከጠረጴዛው ዙሪያ ማን ይሰማዋል?

ወደ ፊልሙ ልመለስ። ሁለተኛው ጠንካራ ጎን የዝርዝር ቀልዱ ነው። በርተን የአሉሚኒየሙ አካል ሲቃጠል የሚወጣው ጢስ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ ለማወቅ በጎች ውስጡ ይታሰሩ ይላል። ቢሮክራሲው አልከለክልም ይላል፤ ብቻ በጉ ምን ዓይነት በግ ይሁን የሚለው መስፈርት እስኪወጣለት ይጠበቅ። በበዓል ዋዜማ ከበግ ነጋዴ ጋር ጅራት ሲመዝን፣ ወገብ ሲጨብጥ የቆየ የአዲስ አበባ ተመልካች በዚህ ትዕይንት ከአሜሪካዊው የበለጠ ይስቃል ብዬ እገምታለሁ። ሦስተኛው ደግሞ የሙከራ ማጭበርበሩ ነው፤ ተሽከርካሪው እንዳይነድ የነዳጅ ጋኑ ውሃ ይሞላል።

ፊልሙን ያየሁት ጉርድ ሾላ፣ በምሥራቅ ግንባር ሜካናይዝድ ውስጥ ካገለገሉ ሻለቃ ጎረቤቴ ጋር ነው። የውሃው ትዕይንት ሲመጣ ሻለቃ አልሳቁም።

«ሻለቃ፣ ይሄ የተጋነነ አይደለም?» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ እኛ ቢኤምፒ ውስጥ ጀርባችንን የምናስደግፈው ለነዳጅ ጋን ነበር» አሉኝ። «የኋላ በሩም ነዳጅ ይሞላል። ከውጊያ በፊት ባዶ ይደረግ ይላል መመሪያው። መመሪያውን የሚጽፈው ግን ውስጥ አይቀመጥም።»

ይህ ንግግር ለእኔ የፊልሙን የመጀመሪያ ጉድለት አሳየኝ። ሻለቃ ያነሱት ቢኤምፒ በኅዳር 1967 እ.ኤ.አ. በሞስኮ ሰልፍ ላይ ለዓለም የታየው የሶቭየት ተሽከርካሪ ነው፤ መድፍና ፀረ ታንክ ሚሳይል ደርቦ፣ እግረኛ አሳፍሮ። ሦስት ሥራ በአንድ ቆዳ ውስጥ የመክተት ሐሳብ የአሜሪካ ጄኔራሎች ቅዠት ብቻ አልነበረም፤ ለዚህ ተቀናቃኝ የተሰጠ መልስ ነበር። ፊልሙ ለዚህ ተቀናቃኝ የሚገባውን ክብደት አይሰጠውም። ባላንጣው ሲደበዝዝ ደግሞ የጄኔራሎቹ ጥያቄ ሁሉ ቅብጠት ይመስላል። ስላቅ ግነት ይፈቀድለታል፤ የሚሳለቅበትን ሰው ምክንያት መንጠቅ ግን አይገባውም። ሲነጥቅ ሳቁ ይቀላል።

ሁለተኛው ጉድለት ከገፀ ባሕርይ አሳሳል ነው። በስሚዝ ጠረጴዛ ላይ ያለ ክፉ ሰው ክፉ ነገር እንደሚወለድ ያሳየን ፊልም፣ ከመሀል በኋላ ያን ጥበቡን ይተወዋል። በርተን ንጹሕ ይሆናል፤ ፓርትሪጅና ሎሌዎቹ መሰሪ ይሆናሉ። ኤልዌስ የተሰጠውን በሚገባ ይጫወታል፤ የተሰጠው ግን ጠፍጣፋ ሰው ነው። ጥርጣሬ የለውም፣ አያመነታም፣ የተሳሳተበት ቦታ የለም። ከስሚዝ ጋር ሲገናኝ የትኛው ይበልጥ ሰው እንደሚመስል ለማየት ሺፍ ዝም ያለበትን አንድ ቅጽበት ማየት ይበቃል። ቫዮላ ዴቪስ በሳጅን ፋኒንግ ሚና ያገኘችው ጠባብ ቦታም ያስቆጫል።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደኝ ነው። በፊልሙ ማብቂያ ላይ በጽሑፍ አንድ ዜና ይነገረናል፦ በበርተን ግፊት ብራድሊ ብዙ ተሻሻለ፣ በባሕረ ሰላጤው ጦርነትም የሰው ሕይወት ተረፈ፤ በርተን ግን ጡረታ ሲወጣ የተቃወሙት ሰዎች ሹመትና ደመወዝ አገኙ። ይህ የታሪኩ ግማሽ አካል ነው! በተጨባጩ ታሪክ ከሙከራው በኋላ ተጨማሪ ጥሩር ተለብሷል፣ የፍንጣሪ መከላከያ ከውስጥ ተገጥሟል፣ የጥይቱ አቀማመጥ ተስተካክሏል። በ1991 እ.ኤ.አ. በዚያ ጦርነት ከወደሙት 20 ብራድሊዎች 17ቱ የተመቱት በራሳቸው ወገን ተኩስ ነበር። ኋላም ዩክሬን ሜዳ ላይ ተመትቶ እንኳ ውስጡ ያሉት በእግራቸው መውጣታቸው የዚያው መሻሻል ፍሬ ሆኖ ይነገርለታል። ማለትም የተሳለቁበት ተሽከርካሪ ውድ ቢሆንም፣ ረጅም ቢሆንም፣ በመጨረሻ ለመሥራት በቅቷል፤ የበቃውም ስለተፈተነ ነው። ይህን ለውጥ በድርጊት ማሳየት ሲቻል ሁለት መስመር ጽሑፍ ሰጥቶ መብራት ማጥፋት የድርሰት ስንፍና ነው። መሐንዲሱ ስሕተቱን ሲቀበል፣ የመጀመሪያው መከላከያ ሲገጠም፣ ወታደሩ ሲነካው፤ ከነዚህ አንዱ ትዕይንት እንኳ የለም። ፊልሙ ውድቀቱን በዓይናችን አሳየን፤ ማገገሙን በወሬ።

ቀረጻውን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ የቴሌቪዥን ብርሃን ነው፣ ቢሮው ቢሮ ይመስላል፣ ፍንዳታው ይፈነዳል። ሙዚቃው አንዳንዴ «አሁን ሳቁ» ይላል፤ ባይል ይሻል ነበር።

ፍርዴ ይህ ነው። የምልሰቱ ክፍል የመንግሥት ግዥ ለሚያስተምር፣ ዲዛይን ለሚነድፍ፣ ስብሰባ ለሚመራ ሁሉ ሊታይ የሚገባ፣ በአጻጻፍም በትወናም የበሰለ ሥራ ነው። ቀሪው የተዋጣለት የቀልድ ድራማ ሆኖ፣ ከራሱ ምርጥ ሐሳብ ወደ ቀላሉ የበጎና የክፉ ትግል ያፈገፈገ ነው። እንደ ታሪክ ማስረጃ ለብቻው አይቆምም፤ የበርተንን መጽሐፍና የተቺዎቹን መልስ አስከትሎ የሚያነብ ሰው ብቻ ሙሉ ዋጋውን ያገኛል። ሻለቃ ግን በበርተን ጉዳይ ከእኔ ጋር አልተስማሙም፤ «ጠፍጣፋ» ያልኩትን ሰው እሳቸው «ያጣነው» ብለውታል።