ጆን ሪድ ያየውና ያላየው

አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ጆን ሪድ «ዓለምን ያናወጡ ዐሥር ቀኖች» የተባለውን መጽሐፉን ያሳተመው በ1919 ዓ.ም. ነው (ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው)። ስለ ሩስያ አብዮት ማወቅ የሚፈልግ ተማሪ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚይዘው ይህንኑ መጽሐፍ ስለ ሆነ፣ ምስጋናውንም ነቀፌታውንም አብረን ልናቀርብ ወደድን።

ሪድ በኖቬምበር 1917 በፔትሮግራድ ከተማ ሲመላለስ፣ የቦልሼቪኮች መንግሥት አንድ ሳምንት እንኳ ይቈይ እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እርሱም አላወቀም፤ አለማወቁንም አልሸሸገም። ሌኒን የሰላሙንና የመሬቱን ዐዋጅ ሊያነብ በኖቬምበር 8 ቀን ሲቀርብ፣ ደራሲው ሱሪው የረዘመበት አንድ አጭር ሰው ያሳየናል። አሸናፊዎቹ ኋላ ካስጻፉት ብዙ ታሪክ ይልቅ ይህ ይበልጥብናል።

ማዕከላዊ ኮሚቴው የጦር መሣሪያ ለማንሣት በቈረጠበት በኦክቶበር 23 ቀን ስብሰባ ግን ሪድ አልነበረም። ኮሚቴው ዐሳቡን መጀመሪያ እንደ ጣለው፣ ኋላም አንድ ሠራተኛ ተነሥቶ በቍጣ ቢናገር ድምፅ እንደ ገና ተሰጥቶ እንዳለፈ ይተርካል። ለቲያትር ያምራል። ነገሩ ግን እንዲህ አልሆነም፤ ድምፁ 10 ለ2 ነበር፤ የተቃወሙትም ዚኖቪዬቭና ካሜኔቭ ናቸው።

ስሕተቱ ትንሽ አይምሰለን። ሌኒን በጃንዋሪ 1924 ከሞተ በኋላ፣ በዚያው ዓመት መጸው ትሮትስኪ የሁለቱን ሰዎች ተቃውሞ አንሥቶ ወቀሳቸው። ያን ጊዜ የእነርሱ ወዳጅ የነበረው ስታሊን በኖቬምበር ወር ባደረገው ንግግር ተከላከለላቸው፤ የሪድንም ትረካ አብሮ አጣጣለ። ስለ ስብሰባው የተናገረው እውነት እንደ ነበረ፣ ደስ ባይለንም፣ መመስከር አለብን። ነገር ግን ትሮትስኪ የገነነበት፣ የስታሊን ስም ከዝርዝር ውስጥ በቀር የማይገኝበት ይህ መጽሐፍ፣ ሌኒን ራሱ መቅድም የጻፈለት ሆኖ ሳለ፣ በስታሊን ዘመን ከአንባቢ እጅ ጠፋ። ስታሊን የተከላከለላቸው ሁለቱ ሰዎችም በኦገስት 1936 በጥይት ተገደሉ። ትሮትስኪ በ1940 በሜክሲኮ ተገደለ።

ሪድ በ1920 ስለ ሞተ ይህን አስቀድሞ ባለማየቱ አንከሰውም። የምንከሰው በሌላ ነው። ጆሮው ለመድረክ ብቻ የተከፈተ ነበር፤ ማን ምን ተናገረ፣ ጉባኤው እንዴት አጨበጨበ ይለናል። ስታሊን ግን ሥልጣኑን ያደላደለው በንግግር ሳይሆን፣ በኤፕሪል 1922 በተቀበለው የዋና ጸሐፊነት ወንበር ላይ ሆኖ ሰው በመሾምና በመሻር ነው። ሌኒን በጃንዋሪ 1923 ከዚያ ወንበር ይነሣ ብሎ ቃሉን ሲያስጽፍ ጊዜው አልፎ ነበር።

ቀድሞ የመኳንንት ልጃገረዶች ትምህርት ቤት በነበረው በስሞልኒ ሕንፃ፣ በየክፍሉ በር ላይ የኮሚቴዎች ስም ተጽፎ እንደ ተለጠፈ ሪድ ራሱ በጥንቃቄ መዝግቦልናል። ጽሑፉን አንብቦ ወደ አዳራሹ አለፈ፤ በውስጥ ተቀምጦ መዝገቡን የሚይዘው ማን እንደ ነበረ አልጠየቀም።