ያማረ መትን፣ የተሰወረ ሰነድ

በጉማራ ማክሰኝት ተፋሰስ ስለ አፈር መሸርሸርና ስለ ድንጋይ እርከን የተካሄዱ ጥናቶች ለዓለም የሚደርሱት በእንግሊዝኛ ነው። ተመራማሪዎቻችን ከጥናታቸው እኩል ከባዕድ ሰዋስው ጋር ሲታገሉ ኖረዋል። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ሲወጣ ሸክሙ የቀለለላቸውን አንነቅፍም።

የምንተቸው የተከተለውን የአጻጻፍ ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በሳይንስ አድቫንስስ የታተመ ጥናት በፐብሜድ የተመዘገቡ ከ15 ሚሊዮን የሚበልጡ የጥናት አኅጽሮቶችን መርምሮ፣ በ2024 ከወጡት ቢያንስ 13.5 በመቶው መሣሪያው የነካቸው መሆናቸውን ገምቷል። ምልክቱም ለይዘት ሳይሆን ለማሳመሪያ የሚያገለግሉ ግሦችና ቅጽሎች በድንገት መብዛታቸው ነው።

ጉዳቱ ጌጡ በሚሸፍነው ነገር ላይ ነው። ገበሬው «ዋልካ» ሲል ዝናብ ሲያገኘው የሚጣበቅ፣ በበጋ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር ማለቱ ነው። መሣሪያው ይህን «ለም አፈር» ብሎ ቢያሳምረው ዓረፍተ ነገሩ ይቃናል፤ የተጠናው አፈር ግን ከጽሑፉ ይጠፋል።

በመድረሳ እንደተማርነው፣ መትኑ ስላማረ ብቻ ሐዲስ ተቀባይነት አያገኝም፤ ሰነዱ ይመረመራል። ዘጋቢው ከማን እንደተቀበለ ሲያድበሰብስ ሙሐዲሶች «ተድሊስ» ይሉታል። መሣሪያ ያረቀቀለትን ሰውሮ እንደ ራሱ የሚያቀርብ ተመራማሪ ከዚህ ነውር አይርቅም። ሆኖም ታማኝ የሆነ ሙደሊስ መስማቱን በግልጽ ሲናገር ብዙዎቹ ሊቃውንት ዘገባውን ይቀበሉታል። ተመራማሪም መሣሪያው የሠራለትን ለይቶ ቢገልጽ፣ ለመረጃውም ራሱ ተጠያቂ ቢሆን ሥራው ሊነቀፍ አይገባም።

ፈራጆችም ይጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች የጻፏቸውን 91 የቶፍል ድርሰቶች ለ7 መፈተሻዎች ሰጥተው ነበር፤ መፈተሻዎቹ በአማካይ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑትን የማሽን ሥራ ብለው ፈረዱባቸው። እንዲህ ባለ መፈተሻ ብቻ ተማሪን መወንጀል ማስረጃ የሌለው ጀርሕ ነው።

ስለዚህ መምህራን ወደ ቀድሞው ወግ እንዲመለሱ እንጠይቃለን። ደረሳ ኪታቡን በሸኹ ፊት እንደሚቀራ፣ ተማሪውም ከአማካሪው ፊት ይቀመጥ፤ የት ለካህ፣ ከማን ሰማህ፣ ይህ ቃል በአገርህ ምን ይባላል ተብሎ ይጠየቅ። ዕውቀቱ የእርሱ ከሆነ መልሱ አይጠፋውም።

ወላሁ አዕለም።