ስለ ሞፍ የሚጻፈው ሁሉ ውሃ ብቻ ሆነ፤ አሲዱስ?

የ2025 የኬሚስትሪ ኖቤል ለሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ለሪቻርድ ሮብሰንና ለኦማር ያጊ ከተሰጠ ወዲህ ስለ ሞፍ ብዙ ተጽፏል። ሞፍ የሜታል አቶሞች ቋጠሮ፣ ኦርጋኒክ ሞለኪውሎች ደግሞ ማገር ሆነው የሚያቆሙት ቀዳዳማ ጠጣር ነው። የዋግ ኽምራን የማር እንጀራ ያየ ሰው ቅርጹን መገመት አይቸግረውም፤ ክፍሎቹ ብቻ በናኖሜትር ይለካሉ።

ጽሑፎቹ ግን ሁለት ነገር ላይ ተቸክለዋል፦ በትንሽ ዱቄት ውስጥ የእግር ኳስ ሜዳ የሚያህል ገጽ መኖሩና ከበረሃ አየር ውሃ መሰብሰቡ። ሰቆጣ ላይ ሆኖ ዝናብ ሲዘገይ ላየ ተማሪ የውሃው ወሬ ልብ ይሰቅላል፤ አልቃወምም። ስፋት ብቻውን ግን ምን ይሠራል? ቁም ነገሩ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ነው።

ያገለገለ የምግብ ዘይት ባዮዲዝል ይሁን ብንል፣ ውስጡ ያሉት ነፃ ፋቲ አሲዶች ከካስቲክ ሶዳ ጋር ሳሙና ይሆኑብናል። ስለዚህ መጀመሪያ በአሲድ አጋዥነት ከሜታኖል ጋር ይዋሃዳሉ። የተለመደው ሰልፈሪክ አሲድ ርካሽ ነው፤ ግን ብረት ይበላል፣ ከምርቱ ጋር ይቀላቀላል፣ ብዙ ማጠቢያ ውሃም ይፈልጋል። ውሃ በጀሪካን በሚቀዳበት ደጋ ይሄ ቀላል አይደለም! ጠጣር አሲድ ቢሆን ይጠለልና ያልቃል።

በ2014 የያጊ ቡድን ሞፍ-808 የተባለውን የዚርኮኒየም ሞፍ ቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ዘፍዝፎ ሰልፌት አስያዘው፤ ከንጹሕ ሰልፈሪክ አሲድም የበረታ ጠጣር አሲድ ሆነ። ቀዳዳው 1.8 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ ፋቲ አሲድ ይገባበታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአገራችን ካኦሊን የሠሩት ዜዮላይት ኤ ለሳሙና ዱቄት ግሩም ነው፤ በ0.4 ናኖሜትሩ በር ግን ፋቲ አሲድ አያልፍም።

እዚህ ድረስ ደስ ይላል። ቅሬታዬ ማስረጃው ላይ ነው። ብዙ ጥናቶች «አምስት ጊዜ ደግመን ተጠቀምንበት፣ አልደከመም» ይላሉ። እንዴት ለኩት? በየዙሩ ሥራው እስኪያልቅ ከጠበቁ፣ ግማሽ ኃይሉን ያጣ ካታሊስትም ዘግይቶ እዚያው ይደርሳል፤ ድካሙ አይታይም። መለካት ያለበት ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች፣ ፍጥነቱ ነው። ሌላም አለ፦ ሰልፌቱ በሙቅ ሜታኖል ታጥቦ ሊወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚሠራው ፈሳሹ አሲድ ነው፣ ጠጣሩ ስሙን ብቻ ይዟል። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ መሃል ላይ በትኩሱ አጥልሎ ፈሳሹ ብቻውን መሥራቱን ይቀጥል እንደሆነ ማየት። ይህን ያላሳየ ጥናት እኔን አያሳምነኝም።

«አረንጓዴ» የሚለው ቅጽልም ይከብዳል። ሞፍ-808 በተለመደው መንገድ የሚሠራው በዳይሜቲልፎርማማይድ ነው፤ ለፅንስ አደገኛ የሆነ ፈሳሽ። በውሃ የሚሠሩ ሞፎች እንዳሉ የአሉሚኒየም ፉማሬት አሳይቷል፤ ጠጣር አሲድ የሚሠሩትም ወደዚያ ቢያዩ ይሻላል። ደግሞ ዜዮላይት ዘይት ሲያቆሽሸው በ500 ዲግሪ አካባቢ ተቃጥሎ ይጸዳል። ሞፍን እንዲህ ብናደርገው፣ እሳት እንደነካው የማር እንጀራ፣ ማገሩ አብሮ ይሄዳል።