ሐተታ በእንተ ጸሎተ ዕንባቆም፤ በመከራ ዘመን የሚኖር ሃይማኖት ምን እንደ ሆነ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

የነቢዩ የዕንባቆም ጸሎት ከ15ቱ ጸሎተ ነቢያት አንዱ ሆኖ ከመዝሙረ ዳዊት ጋራ ስለሚደገም፥ ዳዊት ደግሞ ይህን ንባብ የማያውቅ የለም። ተማሪም ምሥጢሩን ሳይጠይቅ ገና በልጅነቱ በአፉ ይይዘዋል። ነገር ግን ይህ ጸሎት የመጽሐፉ 3ኛ ምዕራፍ ብቻ ነው። የፊተኞቹ ሁለት ምዕራፎች ከዳዊት ጋራ ስላልተጻፉ፥ ከብሉይ መምህራን በቀር የሚመለከታቸው ጥቂት ነው። ከዚህም የተነሣ በስብከታችን አንድ ጕድለት ገብቷል፤ ይህችን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣንም እርሱ ነው።

ጕድለቱም እንዲህ ነው። ረኃብ ወይም ቸነፈር ወይም ጦርነት በመጣ ጊዜ ሰባኪው ወደ ኀዘንተኛው ቀርቦ የጸሎቱን ፍጻሜ ይጠቅስለታል፤ ዛፉ ፍሬ ቢነሣ፥ እርሻው ቢመክን፥ በረቱ ባዶ ቢቀር፥ ነቢዩ በአምላኩ ሐሤት ማድረጉን እንዳልተወ ይነግረዋል። ቃሉ እውነት ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን የሚጠቀሰው ኀዘንተኛውን ዝም ለማሰኘት፥ ስላለቀሰም ሃይማኖት እንደ ጐደለው ለመቍጠር ሲሆን፥ ይህ ነቢዩ ያልተናገረውን በነቢዩ አፍ ማናገር ነው።

ዕንባቆም መጽሐፉን የጀመረው በዝማሬ አይደለም፤ በጩኸት ነው። እስከ መቼ ስጮኽ አትሰማኝም ብሎ አምላኩን ጠየቀ። የጠየቀውም ስለ ባዕድ ጠላት ብቻ አይደለም። አስቀድሞ ያስጨነቀው በገዛ አገሩ የሆነው ግፍ፥ የሕግ መላላት፥ የፍርድ መጣመም ነው። ከለዳውያን እንዲነሡ በተነገረው ጊዜም ጩኸቱን አልተወም፤ ንጹሕ ዐይን ያለው አምላክ ክፉው ከእርሱ የሚሻለውን ሲውጥ ስለ ምን ዝም ይላል ብሎ ደግሞ ጠየቀ። እግዚአብሔርም ስለ መጠየቁ አልገሠጸውም፤ መልስ ሰጠው እንጂ። ኢዮብንም ያየ ይህንኑ ያገኛል፤ በመጽሐፉ ፍጻሜ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ተብለው የተወቀሱት አምላክን የተሟገተው ኢዮብ ሳይሆን፥ ለአምላክ ጠበቃ የቆሙት ሦስቱ ወዳጆቹ ናቸው።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ላንሣ። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1947 ዓመት በጨው ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ ከተገኙት ብራናዎች አንዱ የዚህ የነቢዩ የዕንባቆም ትርጓሜ ነው። ያ ብራና የፊተኞቹን ሁለት ምዕራፎች ብቻ ተርጕሞ ያበቃል፤ 3ኛው ምዕራፍ የለበትም። እንግዲህ እነዚያ በምድረ በዳ የተቀመጡት ጩኸቱን ተረጐሙ፤ እኛ ደግሞ ዝማሬውን ደገምን። ሁለቱን አንድ አድርጎ ያልያዘ የነቢዩን ነገር በሙሉ አልያዘም።

ጩኸቱንና ዝማሬውን የሚያያይዘው በ2ኛው ምዕራፍ የተነገረው፥ ጻድቅ በሃይማኖቱ በሕይወት የመኖሩ ነገር ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮሜና ወደ ገላትያ ሰዎች በላከው መልእክት ይህን ቃል ስለ ጠቀሰ፥ ሃይማኖት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በልብ ማመንን፥ በአፍ መመስከርን ነው። መልካም ነው። ነገር ግን የዕብራይስጡ ቃል «እሙና» ነው፤ ከእኛም «አምነ» እና «አሜን» ጋራ ዘመድ ነው። ይህ ቃል በኦሪት ዘፀአት በ17ኛው ምዕራፍ ስለ ሙሴ እጆች ተነግሯል። ኢያሱ ከዐማሌቅ ጋራ ሲዋጋ የሙሴ እጆች ደከሙ፤ ድንጋይ አምጥተው በበታቹ አኖሩለት፤ አሮንና ሖር በቀኝና በግራ ደገፉት፤ ፀሓይም እስክትገባ ድረስ እጆቹ ጸኑ። ጸኑ የተባለበት ቃል «እሙና» ነው። እንግዲህ ሃይማኖት ማመን ነው፤ አንድም መጽናት ነው። የሙሴም እጆች ያልደከሙ አይደሉም፤ ደክመው የጸኑ ናቸው፤ የጸኑትም ለብቻቸው አይደለም። በመከራ የዛለውን ሰው ስለ ምን ዛልህ የሚል፥ አሮንና ሖር ከቆሙበት ስፍራ አልቆመም።

መጽናት የተባለውም የአንድ ቀን ነገር አይደለም። ለነቢዩ የተሰጠው መልስ ቢዘገይም ጠብቅ የሚል ነው። ከለዳውያን በ605 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በከርከሚሽ ድል አድርገው ነበር፤ ባቢሎን በቂሮስ እጅ የወደቀችው ግን በ539 ነው። በመካከሉ 66 ዓመት አለ፤ ኢየሩሳሌም የፈረሰችውም በዚሁ መካከል ነው። የተስፋውን ቃል ከሰሙት ብዙዎቹ ፍጻሜውን ሳያዩ ዐፈር ሆነዋል። በቶሎ ያልፋል እያለ የሚያጽናና ሰባኪ ይህን ዘመን ይቍጠር።

በአገራችንም ባዶ በረት በምሳሌ ብቻ የተነገረ አይደለም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በሆነው ክፉ ቀን፥ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ ከአገሩ ከብት አብዛኛውን ፈጀው። ነቢዩ እርሻውን አስቀድሞ በረቱን አስከትሎ ቈጠረ፤ በእኛ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በሬው አስቀድሞ ሞተ፤ እርሻው የሚያርሰው አጥቶ ጾሙን አደረ፤ ሰውም በረኃብ አለቀ። በዚያ ጊዜ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት እንደ ቈፈሩ፥ መኳንንቱንም በዚያ እንዳበረቱ ተጽፎ ይገኛል። በሬ ለሞተበት ገበሬ የዕንባቆምን ጸሎት ከመድገም ይልቅ ይህ ለጸሎቱ የቀረበ ትርጓሜ ይመስለኛል፤ ሊቃውንቱ ይፍረዱ።

ሥልጣን ያላችሁ ሆይ፤ በ2ኛው ምዕራፍ ያሉትን አምስቱን ወዮታዎች አትለፏቸው። የእርሱ ያልሆነውን ለሚሰበስብ፥ ቤቱን በግፍ ትርፍ ለሚሠራ፥ ከተማን በደም ለሚያንጽ፥ ባልንጀራውን አስክሮ ለሚያዋርድ፥ ለጣዖትም ለሚገዛ የተነገሩ ናቸው። በግፍ በተሠራውም ቤት ድንጋዩ ከግንቡ ውስጥ እንደሚጮኽ ነቢዩ ይናገራል። ወዮታዎቹ በፊት የተነገሩት ስለ ከለዳዊው ነው፤ ነገር ግን የነቢዩ የመጀመሪያ ጩኸት ስለ ገዛ አገሩ ፍርድ መጣመም እንደ ነበረ አይረሳ። መከራው ከሰማይ ሲሆን ታገሥ ማለት ይገባል፤ መከራው ከዳኛው እጅ ሲሆን ግን ዳኛው ተበዳዩን ታገሥ ማለቱ ስብከት ሊባል አይችልም።

ስለ ዝማሬውም አንድ ቃል ልጨምር። ነቢዩ በፍጻሜው ሐሤት ማድረጉ ኀዘኑ ስለ ተወገደለት አይደለም። በዚያው ምዕራፍ ሆዱ እንደ ታወከ፥ ከንፈሩ እንደ ተንቀጠቀጠ፥ አጥንቱም እንደ ራደ ይናገራል፤ የዘመረው እየተንቀጠቀጠ ነው። ይህን ዝማሬ ለሌላው ማዘዝ አይቻልም፤ የተቀበለው ራሱ ይዘምረዋል እንጂ።

ለሌላው ማድረግ የሚቻለው ምን እንደ ሆነ የዚሁ የዕንባቆም ስም በተጠራበት በተረፈ ዳንኤል ይታያል። ይህ ዕንባቆም ሌላ ነው የሚሉ ቢኖሩም፥ ምሥጢሩ ከነቢዩ ጋራ ይስማማል። ዕንባቆም በይሁዳ ሳለ ወጥ ሠርቶ፥ እንጀራ በሳሕን ፈትፍቶ፥ ለዐጫጆች ምሳ ሊያደርስ ወደ እርሻ ሲሄድ፥ መልአኩ ምሳውን በባቢሎን በአንበሳ ጕድጓድ ላለው ለዳንኤል አድርስ አለው። እርሱም ባቢሎንን አላየሁም፥ ጕድጓዱንም አላውቅም አለ። መልአኩ በራስ ጠጕሩ ይዞ አደረሰው፤ ዳንኤልም ተነሥቶ በላ። ዕንባቆም በዚያ ስለ መከራ ምንም ሳይናገር ምሳውን ብቻ ሰጥቶ ወደ ስፍራው ተመለሰ። ምሳቸው ስለ ተወሰደባቸው ዐጫጆች ግን መጽሐፍ ምንም አይናገርም።